ተመልካች ጠፋ አትበሉን

ባለፈው ወር በአንዱ ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ፊልም ላሳያት ወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም። ለዚያች ቀን አንድ ሳምንት ሙሉ ስትዘጋጅ ነበር፤ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መጣች። የሄድንበትን አዳራሽ ስም አልጽፍም። መሃል ከተማ ያለ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣ የሕዝብ ነው የተባለ ሲኒማ ቤት ነው። ደጃፉ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ቀኑ ካለፈ ሰንብቷል። የትኬት መሸጫዋ መስኮት በካርቶን ተደፍናለች። ዘበኛው «ዛሬ ፊልም የለም፣ አዳራሹ ለስብሰባ ተከራይቷል» አለኝ። መቼ እንደሚኖር ጠየቅሁት። «እንጃ እህቴ፤ ሰዉ እኮ ሲኒማ ትቷል» አለ።

በዘበኛው አልተቆጣሁም። ሲባል የሰማውን ነው የነገረኝ። ይህችን ቃል እኔም ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ በስብሰባ፣ በሬዲዮ፣ አዳራሽ ለማከራየት ውል ከሚፈርሙ ሰዎች አፍ። ሰዉ ሲኒማ ትቷል። ተመልካች ጠፍቷል። ጊዜው የስልክ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝና በግልጽ ልናገር፤ ውሸት ነው። ተመልካቹ በገዛ እግሩ አልወጣም። ወንበሩን ሰባብረው፣ ድምፁን አበላሽተው፣ ሽንት ቤቱን ቆልፈው፣ ቅዳሜና እሑዱን ለሌላ አከራይተውበት ነው ያስወጡት። ካስወጡት በኋላ ደግሞ ጥፋቱን በእሱ ላይ ያላክካሉ።

ያደግሁት ሠራተኛ ሰፈር ነው። ሲኒማ ኢትዮጵያም አምፒርም ከቤታችን በእግር ይደረሳሉ። ጊዜው የደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታላቅ ወንድሜ እጄን ይዞ ይወስደኛል። እናቴ «ሴት ልጅ ሲኒማ ቤት ምን ትሠራለች?» ብላ ትቆጣለች፤ አባቴ ግን ምንም ሳይናገር ኪሱን ይዳብስና ሳንቲሙን በወንድሜ መዳፍ ላይ ያኖራል። በሩ ላይ ሱቅ በደረቴዎቹ ማስቲካና ከረሜላ ደርድረው ይቆማሉ፤ አንዲት ባልቴት ቆሎና ሱፍ በሲኒ እየሰፈሩ በጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀልላሉ። ሰልፉ ግድግዳውን ታክኮ እስከ መታጠፊያው ይሄዳል። ወፍራሙን መጋረጃ ገልጠን ስንገባ ለአፍታ ዓይናችን ይታወራል፤ ባትሪ የያዘው ሰውዬ ብርሃኑን እግራችን ሥር እየጣለ ወደ ወንበራችን ይመራናል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ስልክ ላይ ፊልም ያየ ልጅ አያውቀውም። የካራቴ ፊልም ከሆነ ጠላት ከኋላ ሲመጣ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ከኋላህ!» ብሎ ይጮሃል። አክተሩ ተመትቶ ሲወድቅና እኔ ፊቴን በእጄ ስሸፍን፣ ከኋላ ያለ የማላውቀው ልጅ «አይዞሽ፣ አክተሩ አይሞትም» ይለኛል። የህንድ ፊልም ከሆነ እናትና ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ሲገናኙ አዳራሹ በሙሉ አፍንጫውን ይጠርጋል። አንድ ቀን የሰፈራችን ሰው ሁሉ የሚፈራው ዱርዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። መብራት ሲበራ ዓይኑን በእጅጌው አብሶ «ሙቀቱ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በመንገድ ሳልፍ ያንን ሰው ፈርቼው አላውቅም። ይህን የሚሠራ ሌላ ምን ቤት ነበረን? ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሁሉም በየሃይማኖቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለልጆች፣ ጠጅ ቤቱ ለወንዶች ነው። ሳንተዋወቅ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ስለ አንድ ሰው መከራ አብረን የምናለቅስበት ቤት ሲኒማው ብቻ ነበር።

ኦፕሬተሩን ጋሼ እለው ነበር። ወንድሜን ያውቀው ስለነበር አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ማሽኑ ክፍል እንድወጣ ፈቀደልኝ። የብረት ደረጃ ነው፤ ክፍሉ ጠባብና እንደ ምጣድ የጋለ። ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንድ የፊልም ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ፊልም አምስት ስድስት ጥቅል ይሆናል። አንዱ ማሽን ሲሠራ ሁለተኛው ቀጣዩን ጥቅል ጎርሶ ይጠብቃል። ብርሃኑ የሚመጣው እርሳስ ከሚመስሉ ሁለት የካርቦን ዘንጎች ነው፤ ጫፍና ጫፋቸው ሲቀራረብ ዓይን የሚያጠፋ ነበልባል ይፈጥራሉ። እየነደዱ ስለሚያጥሩ ጋሼ ሳያሰልስ ያስጠጋቸዋል፤ ከዘነጋ ሸራው ይደበዝዝና ታች ያለው ሕዝብ ያፏጫል። «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ቀኝ ጥግ ላይ አድርጊ» አለኝ። በትንሿ መስኮት አጮለቅሁ። በሸራው ላይኛው ቀኝ ጥግ አንዲት ክብ ነጥብ ብልጭ ብላ ጠፋች። ጋሼ ሁለተኛውን ማሽን አስነሣ። ሰባት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሌላ ነጥብ ብልጭ አለች፤ በዚያች ቅጽበት እጁ ተወረወረ፣ አንዱ ማሽን ጨለመ፣ ሌላው በራ። ታች የነበረው ሰው አንድም ነገር አላወቀም፤ ዘፈኑ እንኳ አልተቋረጠም። ጋሼ ላቡን ጠረገና «ካወቁብኝ አልሠራሁም ማለት ነው» አለ።

ይህን የምተርከው የድሮውን ዘመን ልናፍቅ ብዬ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የሰዓት እላፊ ፍርሃትና ሳንሱር እንደነበረ፣ በየቤቱ ልቅሶ እንደነበረ አልረሳሁም። የምናገረው ስለ ሥራ ነው። ያ ሰው በየሃያ ደቂቃው አንድም ሰው እንዳይረበሽ ይጠነቀቅ ነበር። ዛሬ በስንቱ አዳራሽ ገብቼ ላፕቶፕ ላይ የተሰካ ፊልም በመሃል ቆሞ፣ የኮምፒውተሩ ፍላጻ የተዋናይዋ ፊት ላይ ሲንከራተት፣ ለሩብ ሰዓት ማንም ሳያስተካክለው ስንቀመጥ አይቻለሁ። ገንዘብ ከፍለን ነው የገባነው። እንዲህ ባለ ቀን አቋርጦ የወጣ ሰው ነው እንግዲህ «ሲኒማ ተወ» የሚባለው?

ሲኒማ ቤት ለዚህ ከተማ ሰው በቀላሉ የተሰጠ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብላ ነው የጠራችው፤ እየፈራችም ቢሆን ገባችበት። ጣሊያን በወረራው ዓመታት የሠራቸውን ሲኒማዎች ለራሱ ሰው ነው የሠራቸው፤ ሐበሻ ከነጭ ጎን እንዳይቀመጥ በዘር ሕጉ ከልክሎ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ ኢዮቤልዩ ሲመረቅ በራሳችን ሰው በቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ተውኔት ተከፈተ። ለአባቶቻችን ባልታሰበ ቤት ውስጥ ልጆቻቸው ገብተው ተቀመጡ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ የግል ሲኒማ ቤቶችን ሲወርስ «የሕዝብ ሆኑ» ተባለ። እሺ፣ የሕዝብ ይሁኑ። ታዲያ ሕዝቡ ቅዳሜ ፊልሙ ቀርቶ ስብሰባ ይሁንልኝ ብሎ የጠየቀው መቼ ነው? ባለቤቱ ሳይጠየቅ ቤቱን የሚያከራየው ማን ሆኖ ነው?

ተመልካች አለመጥፋቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቪዲዮ የሚቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች መጡ። ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር፣ ምስላቸው ይገረጣ ነበር፤ ሰዉ ግን ጎረፈ። «የወንዶች ጉዳይ»ን ለማየት የተሰለፍኩትን ሰልፍ አስታውሳለሁ፤ ትኬት አልቆብኝ ተመልሼ በማግሥቱ ነው ያየሁት። ከዓመታት በኋላ የቅድስት ይልማ «ረቡኒ» ሲታይ የልጅነቴን ዝምታ እንደገና ሰማሁት፤ ስንት መቶ ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ሲይዝ የሚሰማውን ዝምታ። ሥራ አጡ፣ ተማሪው፣ እጮኛሞቹ፣ ከአረብ አገር ተመልሳ እናቷን ይዛ የመጣች ልጅ፣ ሁሉም በሩ ላይ ነበሩ። ገንዘባቸውን ይዘው በእግራቸው መጡ። አዳራሾቹ በዚያ ገቢ ምን ሠሩ? ወንበር ቀየሩ? ድምፅ ማጉያ ገዙ? እኔ የምሄድባቸው ውስጥ የተሰበረው ወንበር እንደተሰበረ ነበር። ስፖንጁ ወጥቶ ሽቦው ቀሚሴን የቀደደበት ወንበር በዓመቱም እዚያው ጠበቀኝ።

ከዚያ የአውሮፓ ኳስ ወደ አዳራሾቹ መጣ። የኳስ ጠላት አይደለሁም፤ ወንድሜ እስከ ዛሬ በአርሴናል ያለቅሳል። ነገር ግን የኳሱ ሰዓት የት ላይ እንደወደቀ ተመልከቱ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ነው። ይህም እናት ልጆቿን ይዛ የምትወጣበት፣ ሠራተኛ የሚያርፍበት፣ እጮኛሞች የሚቀጣጠሩበት ሰዓት ነው። ኳሱ አዘጋጅ አይፈልግም፣ ለፊልም ሠሪ የሚካፈል ነገር የለውም፣ ማስታወቂያው በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ለአስተዳዳሪው የሚቀል ነገር ነው። በዚያ መቅለል ሴቶችና ልጆች ከአዳራሹ ወጡ። የቀሩት ወጣት ወንዶች ብቻ ሲሆኑ «የቤተሰብ ተመልካች የለም» ተባለ።

እርግጥ ነው፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ እያናገረ በየሳሎኑ ገባ፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በሩን ሁሉ ዘጋ፤ ዩቲዩብ በነፃ ያሳያል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን እነዚህ የመጡት ቤቱ ከተጎሳቆለ በኋላ ነው። በሽተኛውን ሳያክሙ ከርመው በመጨረሻው ጉንፋን ማሳበብ ሐቀኝነት አይደለም።

አሁን የምጽፈው ደግሞ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ነው። በ2016 ዓ.ም. የልጅነቴን ሲኒማዎች የከበቡት የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ። ዶሮ ማነቂያ ተወልደው ያረጁ ሰዎች ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ስለ ሲኒማ ቤት ሲወራ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ቅርሱ፣ ስለ ቀለሙ ነው የሚወራው። ግድግዳው ቢታደስ ደስ ይለኛል። ግን ሲኒማ ቤትን የሰፈር ሲኒማ የሚያደርገው ከቤቱ በእግሩ ወጥቶ የሚመጣው ሰው ነው። ያ ሰው የለም። ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ የሚኖር አባት ሁለት ልጆቹን ይዞ ፒያሳ ፊልም ለማሳየት ስንት ታክሲ ይያዝ? ፊልሙ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢያልቅ በምን ይመለስ? ለታክሲ የሚያወጣው ገንዘብ ከትኬቱ ይበልጣል። በሄደበት ሰፈርስ ምን ጠበቀው? ጀሞን፣ ጎሮን፣ የካ አባዶን ዞሬ አይቻለሁ። በመቶ የሚቆጠሩ ሕንፃዎች፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ። ምድር ቤቱ ሁሉ ፋርማሲ፣ ሥጋ ቤት፣ ፑል ቤት፣ ግሮሰሪ ነው። አንድ ሲኒማ አላየሁም። ሰው መኝታ ካገኘ ሌላ ነገር አያስፈልገውም ብሎ ያቀደው ማን ነው? ቦሌ የገበያ ማዕከል ውስጥ ዘመናዊ ሲኒማ አለ የሚሉኝ አሉ። አለ፤ ገብቻለሁም፣ ጥሩ ነው። የእነዚያ ቆሎ ይሸጡ የነበሩት ባልቴት የልጅ ልጅ ግን እዚያ ደርሳ አትገባም።

በዚያች ቅዳሜ በተዘጋው በር ምክንያት አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። የማን ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። መጀመሪያ «ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ» ተባልኩ። ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤዬ ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል። በአራተኛው ቀን አንድ ጨዋ ወጣት ሠራተኛ አዘነልኝና «እትዬ፣ ለምን ይቸገራሉ? ፊልሙ ሁሉ እኮ ዩቲዩብ ላይ አለ» አለኝ። ከልቡ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ደረጃውን እየወረድኩ እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ ምክንያቱም ይህ ልጅ ፊልም ማለት ፋይል ነው ብሎ ያምናል።

ለዚያ ወጣት ስለ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ልነግረው እወዳለሁ። «ሳንኮፋ»ን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ሠርቶ ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች በር ዘጉበት። የባርነትን ታሪክ እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ተመልካች የለውም አሉት፤ ቃሉ ዘበኛው የነገረኝ ያው ቃል ነው። ኃይሌ አልተቀበለም። በየከተማው አዳራሽ እየተከራየ፣ የጥቁሮችን ማኅበረሰብ ደጅ እያንኳኳ ራሱ አሳየው። ሰዉ ተሰለፈ፤ ፊልሙ በየከተማው ሰነበተ። ዋሽንግተን ውስጥ በሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው የመጻሕፍትና የፊልም ቤት «ሳንኮፋ» የተባለው በዚሁ ፊልም ስም ነው። ተመልካቹ ነበረ። የጠፋው በሩን የሚከፍትለት ሰው ነበር።

የኃይሌ «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። በ2007 ዓ.ም. የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ለካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ በመብቃት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። የእህቴን ልጅ ትምህርት ቤት ሄጄ እነዚህን ፊልሞች ያየ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ከአርባ ተማሪ አንድም እጅ አልወጣም። የት ያዩታል? በ1957ቱ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የጀመረው፣ በ1966ቱ «ጉማ» የቀጠለው የአገራችን ፊልም ዘመን የሚታይበት አንድ ቋሚ ሰዓት በየትኛው አዳራሽ አለ? «ጤዛ» ውስጥ ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ የሚታይበትን ረጅም ዝምታ በስልክ እየው ማለት፣ ጣናን በብርጭቆ ቀድቶ እንደማሳየት ነው። ልጁ በሰባተኛው ደቂቃ መልእክት ይመጣለታል፣ በስምንተኛው ይዘለዋል። ፊልም ሠሪዎቻችንም ይህን አውቀው ቶሎ ቶሎ የሚጮህ ነገር መሥራት ጀምረዋል። ሲኒማ ቤት ሲዘጋ ፊልሙም አብሮ ይቀየራል።

ቤቱን መጠበቅ ይቻላል፤ አስመራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 የተሠራውን ሲኒማ ኢምፔሮን ከነፊደሉ፣ ከነፋኖሱ ይዛ፣ በ2009 ዓ.ም. ከተማዋ በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ለዓለም አሳየችው። ድህነት ነው የሚል ምክንያት አልቀበልም። አስመራ ከእኛ የበለጸገች አይደለችም።

የምጠይቀው ሰማይ የሚነካ ነገር አይደለም። በመንግሥት እጅ ያሉት አዳራሾች ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት እንዳይከራዩ ይታገድ። እሑድ ጠዋት ለልጆች በአንድ ሻይ ዋጋ ይከፈቱ፤ ባዶ ሆነው ቢውሉ እንኳ ለስድስት ወር ይከፈቱ፣ ልማድ በአንድ ቀን አይመለስምና። የምሽቱ ፊልም የመጨረሻው አውቶቡስ ሳይሄድ ያብቃ። ካልሆነም አውቶቡሱ ይጠብቅ፤ ለምን ለአንድ ፊልም ብሎ አይቆምም? ለስታዲየም ሲቆም አይቻለሁ። አዳዲሶቹ ሰፈሮች ሲታቀዱ ከጤና ጣቢያውና ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ አዳራሽ በፕላኑ ላይ ይሳል። የድሮዎቹ ኦፕሬተሮች ሳያልፉ አንድ ሰው ሄዶ ያናግራቸው። የፊልም ጥቅሎቹስ? በየምድር ቤቱ እርጥበት ውስጥ ከሆኑ፣ እንደ ኮምጣጤ መሽተት ከጀመሩ፣ መበስበሳቸው ነው፤ አይመለሱም። የት እንዳሉ ይነገረን። ይህንን የመጠየቅ መብት አለን፤ የተወረሱት በስማችን ነው።

እኔና የእህቴ ልጅ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ተመልሰን ሄደናል። አንዱ ቀን ኳስ ነበር። ሌላው ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ምረቃ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር በስንጥቁ አጮለቀችና «እንዴት ትልቅ ነው!» አለችኝ፤ ሸራውን ማለቷ ነው። ለመሸፈን የሰቀሉት ባነር አልበቃውም ነበር፤ ነጩ ጠርዝ ዙሪያውን ይታይ ነበር። ዘበኛው አሁን ለምዶናል፤ ለእሷ ወንበሩን ይለቅላታል። በመጪው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ላይ እንቆማለን። ሁለት ትኬት ነው የምንፈልገው።